ላሟ መርፌውን ለመደችው ወይ? ለቀበናዋ እህታችን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ቀበና አካባቢ በግቢያቸው ሁለት ድቅል የወተት ላሞች ያሏቸው እህታችን ትናንት ማታ ያቀረቡትን ጥያቄ ደጋግሜ አነበብኩት። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ የአንደኛዋ ላም ግት በስተኋላ በቀኝ በኩል አብጦ ወተቷ እየተቋጠረ መውጣት ሲጀምር፣ መርፌ መውጋት ይችላል የሚባል የሰፈር ሰው ተጠርቶ በተለምዶ «ኦክሲ ሃያ» የምንለውን መድኃኒት 20 ሚሊ ሊትር አንድ ጊዜ ወጋት። እብጠቱ በማግስቱ ጎደለ፤ በአምስተኛው ቀን ግን ተመለሰ። ሰውየውም «ላሟ መርፌውን ለምዳዋለች፣ ጠንከር ያለ ይፈለግላት» ብሏቸዋል። እርሳቸው የጠየቁን እውነት ለምዳዋለች ወይ፣ ጠንካራ የሚባለውስ የትኛው ነው፣ እስከዚያው ወተቱን ለደንበኛ መስጠት፣ ያ ባይሆን ለጥጃዋ ማጠጣት ይቻላል ወይ ብለው ነው።

በእንስሳት ጤና ሙያ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ረዘም ያለውን ጊዜ ያሳለፍኩት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በአንድ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ባንኮኒ ጀርባ ሲሆን፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ ደግሞ ከቀጨኔ እስከ ቂርቆስ በየግቢው እየዞርኩ አክሜያለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው የተማርኩትን፣ ያየሁትንና ራሴ የተሳሳትኩትን ነው።

በመጀመሪያ «ላሟ ለመደችው» የሚለውን አነጋገር ላስተካክል፤ ከእርሱ ብዙ ስህተት ይወለዳልና። መድኃኒቱን የሚላመደው በግቷ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ነው። ላሟ በሕይወቷ አንድም መርፌ ሳትወጋ፣ ከሌላ ግቢ በመጣ አላቢ እጅ ላይ ተሳፍሮ የገባባት ባክቴሪያ አስቀድሞ መድኃኒት የተላመደ ሊሆን ይችላል። ባክቴሪያ ሲመቸው በሰዓት ውስጥ ደጋግሞ ይባዛል፤ በሚሊዮን ከሚቆጠሩት መካከል ጥቂቶቹ መድኃኒቱን የሚሰባብር ኢንዛይም የሚሠሩ ወይም የገባባቸውን መድኃኒት መልሰው ወደ ውጭ የሚያስወጡ ሆነው ይገኛሉ። መድኃኒቱ ከሚገባው ባነሰ መጠን ሲሰጥ ደካሞቹ ያልቁና ሜዳው ለእነዚያ ጥቂቶች ይለቀቃል። ይባስ ብሎ ይህን ችሎታ የሚሸከመውን የዘረ መል ቁራጭ ዝርያው ፈጽሞ ለተለየ ጎረቤት ባክቴሪያም ማቀበል ይችላሉ። ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 ባደረገው የኖቤል ሽልማት ንግግሩ በቂ ያልሆነ መጠን መስጠት ባክቴሪያውን እንደሚያላምድ ያኔውኑ ተናግሮ ነበር።

በእርስዎ ላም ላይ ግን ወደዚህ ድምዳሜ ከመሮጣችን በፊት ሒሳቡን እንሥራው። «ኦክሲ ሃያ» ማለት በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 200 ሚሊ ግራም ኦክሲቴትራሳይክሊን ያለበት ነው። የተለመደው መጠን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 20 ሚሊ ግራም በመሆኑ፣ ለእያንዳንዱ 10 ኪሎ 1 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። በደንብ የተያዘች ድቅል ላም 400 ኪሎ ብትመዝን የሚገባት 40 ሚሊ ሊትር ነበር ማለት ነው፤ ያውም በአንድ ቦታ ሳይሆን በተለያዩ የጡንቻ ቦታዎች ተከፋፍሎ፤ እኔ በአንድ ቦታ ከ10 ሚሊ ሊትር አላሳልፍም። የእርስዎ ላም የወሰደችው ግማሹን ነው። ለምን 20 ሆነ ብለው ቢጠይቁኝ፣ ለብዙ ዓመታት ካየሁት ተነስቼ የምሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ስሪንጁ የሚይዘው 20 ስለሆነ ነው። በየሰፈሩ መጠን የሚወሰነው በላሟ ክብደት ሳይሆን በስሪንጁ ልክ ነው። ሚዛን የሌለው ሰው የደረቷን ዙሪያ ከፊት እግሮቿ ኋላ በሜትር ለክቶ ክብደቷን ሊገምት ይችላል፤ ዓይን ብቻ ግን ያታልላል፣ የእኔንም ዓይን ጨምሮ።

ታዲያ ግማሽ መጠን ተወግታ በማግስቱ እንዴት ተሻላት? ይህን ለመረዳት መድኃኒቶቹ ሥራቸውን እንዴት እንደሚሠሩ ማወቅ ያስፈልጋል። ኦክሲቴትራሳይክሊን ባክቴሪያው ፕሮቲን የሚሠራበትን ክፍል ይዞ ያስቆመዋል እንጂ በአብዛኛው አይገድለውም፤ መራባቱ ሲቆም የላሟ የራሷ ነጭ የደም ሕዋሳት ደርሰው ይጨርሱታል። መድኃኒቱ ቶሎ ከወረደ ወይም ቀድሞውኑ አንሶ ከነበረ፣ ያልተጨረሰው ባክቴሪያ ካቆመበት ይቀጥላል፤ እርስዎም ያዩት ይህን ይመስላል። ፔኒሲሊንና ዘመዶቹ መንገዳቸው ሌላ ነው። ባክቴሪያ ሲያድግና ሲከፈል ዙሪያውን የሚያጥርበትን ግድግዳ መሥራት አለበት፤ ፔኒሲሊን ግድግዳው እየተገነባ ሳለ ማያያዣውን ስለሚከለክለው ባክቴሪያው ፈንድቶ ይሞታል። የላምም ሆነ የሰው ሕዋስ እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለው ፔኒሲሊን ሕዋሳችንን አይነካም። በአንጻሩ ማይኮፕላዝማ የሚባሉት፣ የከብት ሳንባ በሽታ ከሚያመጡት ተህዋስያን አንዱን የያዙት፣ ከተፈጥሯቸው ግድግዳ ስለሌላቸው ፔኒሲሊን ሲዘንብባቸው ቢውል ግድ አይሰጣቸውም። ሰልፋ የሚባሉት ደግሞ ባክቴሪያው ለራሱ የሚሠራውን ፎሊክ አሲድ ያቋርጡበታል፤ እንስሳት ፎሊክ አሲድን ከመኖ ስለሚያገኙ ያን ያህል አይጎዱም።

እዚህ ላይ በሱቅ ሳለሁ በየሳምንቱ ስለሚገጥመኝ አንድ ነገር ልበል። «ለጥንካሬው» ተብሎ ኦክሲና ፔንስትሬፕ (ፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን የተቀላቀሉበት መድኃኒት) በአንድ ቀን አብረው ይወጋሉ። ፔኒሲሊን የሚገድለው ግድግዳ በመሥራት ላይ ያለውን ባክቴሪያ መሆኑን ካልን፣ ኦክሲ ሥራውን ሲያስቆምበት ፔኒሲሊን የሚመታው ነገር ያጣል። ሁለት ገንዘብ ተከፍሎ የአንዱ ጉልበት በሌላው ይባክናል።

ሁለተኛው ነጥብ መድኃኒቱ ወደ በሽታው ቦታ መድረሱ ነው። ደም ውስጥ የገባ ሁሉ ግት ውስጥ በሚበቃ መጠን አይገኝም፤ ኦክሲቴትራሳይክሊን ደግሞ ከካልሲየም ጋር ስለሚጣበቅ ካልሲየም በሞላበት ወተት ውስጥ ጉልበቱ ይቀንሳል። በተጨማሪ በግት በሽታ ላይ አዘውትሮ የሚገኘው ስታፊሎኮከስ ኦውሪየስ የተባለው ባክቴሪያ ጠባሳና መግል መካከል፣ እንዲያውም በሕዋስ ውስጥ ገብቶ ይደበቃል፤ ላሟ የዳነች መስላ ከሳምንት በኋላ መልሳ የምትታመመው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ለዚህ ነው በጡት ጫፍ በኩል በቀጥታ የሚገቡ መድኃኒት የያዙ ቱቦዎች የተሠሩት። እነርሱም ቢሆኑ እጅ ይፈልጋሉ፦ ግቱ እስከ መጨረሻው ይታለባል፣ የጡቱ ጫፍ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ይጠረጋል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ቱቦው ይገባል። እበት የነካው ጫፍ ላይ ቱቦ መክተት አዲስ በሽታ በገዛ እጅ መትከል ነው።

እንግዲህ «ጠንካራው የትኛው ነው» ወደሚለው ስንመጣ፣ ከባንኮኒው ማዶ ቆሞ «ጠንካራውን ስጠኝ» ያላለኝ ደንበኛ ትንሽ ነው። አንቲባዮቲክ እንደ መሰላል ከደካማ ወደ ጠንካራ የተደረደረ አይደለም። ለአንዱ ባክቴሪያ ፍቱን የሆነው ለሌላው ውኃ ነው፤ ለቫይረስ ደግሞ ሁሉም ውኃ ናቸው። ዶሮዎቻቸው በፈንግል ሲያልቁ ከሰው መድኃኒት ቤት ቴትራሳይክሊን ገዝተው እንክብሉን ፈተው ውኃ ላይ የሚበትኑ ሰዎችን ስንቴ አይቻለሁ። ፈንግል የቫይረስ በሽታ ነው፤ መከላከያው ቢሾፍቱ የሚመረተው ክትባት ነው፣ ያውም በሽታው ከመግባቱ በፊት። በሱቅ ሳለሁ ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጥ እንደሌለብኝ እያወቅሁ፣ ደንበኛው ከጎረቤት ሱቅ እንደሚገዛው ስለማውቅ ብቻ የሸጥኩባቸው ቀናት አሉ። ዛሬ ሳስበው ሰበብ ነበር። አዳዲስና ውድ የሆኑት፣ በሰው ሕክምና ሌላው ሁሉ እንቢ ሲል የሚሞከሩት መድኃኒቶች ለግት እብጠት መጀመሪያ የሚወጡ አይደሉም።

ስለ ወተቱ የጠየቁት ጥያቄ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት ግንፍሌ አካባቢ አንዲት እናት አንድ ላም ነበረቻቸው። ከወተቷ ግማሹን ለጎረቤት ይሸጣሉ፣ ግማሹን እርጎ ያደርጋሉ። ላሟን ካከምኩላቸው በኋላ ወተቱስ ሲሉኝ፣ ብልቃጡ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳላነብ «ሁለት ቀን ቢያቆዩት ይበቃል» አልኳቸው። በስድስተኛው ቀን ጠሩኝ። ወተቱ አልረጋ ብሏቸዋል። ጥፋቱ የዕቃው መስሏቸው ቅሉን በግራዋ ፈትገው አጥበው፣ በወይራ እንደገና አጥነው፣ አዲስ ወተት ጨምረውበት አድረው ነበር። ክዳኑን ከፍተው አሳዩኝ፤ የወይራው ጭስ ሽታ ያውዳል፣ ወተቱ ግን ከሁለት ሌሊት በኋላ እንደ ታለበበት ቀን ቀጥኖ ተቀምጧል፣ ሳይኮመጥጥም። «ልጄ፣ ቡዳ ነው ይላሉ» አሉኝ። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝና አፈርኩ። ወተትን የሚያረጉት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እኔ ላሟ ውስጥ ያስገባሁት መድኃኒት ከወተቱ ጋር ወጥቶ እነዚያን ባክቴሪያዎች ቅሉ ውስጥ አስቁሟቸዋል። የእርጎው ባክቴሪያ ላይ ከሠራ፣ ወተቱን በገዙት ሰዎች ልጆች ሆድ ውስጥም ገብቷል ማለት ነው። አምኜ ነገርኳቸው፤ የተደፋውን ወተትም ከፈልኩ።

ከዚያ በኋላ አንድም ብልቃጥ የወተት መታቀቢያ ቀኑን፣ ማለትም ከመርፌው በኋላ ወተቱ የማይጠጣበትን ጊዜ፣ ሳላነብ ከፍቼ አላውቅም። ለኦክሲ ሃያ ይህ ቀን ከምርት ምርት ቢለያይም ብዙ ጊዜ 7 ቀን አካባቢ ነው፤ ላሟ ለእርድ ከሆነች ደግሞ ወደ አንድ ወር ይጠጋል። መርፌው ከተደገመ ቀኑ ከመጨረሻው መርፌ ጀምሮ እንደ አዲስ ይቆጠራል፤ መጠኑ ከታዘዘው በላይ ከሆነ ደግሞ ከተጻፈውም ይረዝማል። «አፍልቼ ብሸጠውስ» የሚሉ አሉ፤ ማፍላት ባክቴሪያ ይገድላል እንጂ የመድኃኒቱን ቅሪት አያጠፋም። ለፔኒሲሊን አለርጂ ያለበት ሰው ደግሞ በወተት ውስጥ ካለ ጥቂት ቅሪትም ሊታመም ይችላል፤ ከየግቢው የሚሰበሰበው ወተት በየካፌው ማኪያቶ ላይ ሲፈስ ጠጪው ላሟ መቼ እንደተወጋች የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ከወተት ሽያጭ ለሚኖር ቤት ሰባት ቀን ቀላል አለመሆኑን አውቃለሁ። የማውቃቸው ልባም ላም አርቢዎች ሊቆይ የሚችል ሕክምና ወይም ላሟን ከወተት ማድረቅ ሲኖርባቸው ወተት ፈላጊ የሚቀንስበትን ሁዳዴን ይጠብቃሉ። ያበጠ ግት ግን ፋሲካን አይጠብቅም።

አሁን ማድረግ ያለብዎትን ልንገርዎ። ሌላ መርፌ ከማስወጋትዎ በፊት የእንስሳት ሐኪም ያስጠሩ፤ ሐኪሙም መድኃኒት ከመስጠቱ አስቀድሞ ከታመመው ጡት ንጹሕ ናሙና እንዲወስድ ይጠይቁት። ባክቴሪያው ተለይቶ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበት በላቦራቶሪ ከታየ፣ ለምዶታል ወይስ አልለመደውም የሚለው ክርክር ያኔ ይዘጋል። ናሙናው አሁን ቢወሰድ የቀድሞው መርፌ ቅሪት ውጤቱን ሊያደናግር ስለሚችል መቼ እንደተወጋች በትክክል ይንገሩት፤ ብልቃጡን ካልጣሉት ያሳዩት። እስከዚያው ጤነኛዋን ላም አስቀድመው፣ የታመመችውን በመጨረሻ ይለቡ፤ በሁለቱ መካከል እጅ በሳሙና ይታጠብ፣ ሁለቱን ግቶች በአንድ ጨርቅ መጥረግም ይቅር። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት የወተት ጠብታዎች ጥቁር ሳህን ላይ አልበው ቢያዩ ቋጠሮ ያለው ወተት ከሩቁ ይለያል። የታመመውን ጡት በቀን ሦስትና አራት ጊዜ አሟጦ ማለብ በራሱ ሕክምና ነው፤ ሰዎች ይህን ይንቁታል፣ እኔ ግን ከግማሽ መርፌ እመርጠዋለሁ። የታዘዘው መድኃኒት የሦስት ቀን ከሆነ፣ በሁለተኛው ቀን ብትሻሻልም ሦስተኛው ይሰጥ።

ለጥጃዋም ያንን ወተት አይስጡ። ብዙ ሰው «ከሚደፋ ጥጃዋ ትጠጣው» ይላል፤ በትንሹ መድኃኒት ያለበት ወተት በየቀኑ ወደ አንጀቷ ሲገባ፣ ከላይ ያልነውን የማላመድ ሥራ እዚያው ግቢዎ ውስጥ ይሠራል፤ እርሷም አድጋ ስትታመም መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ይዛ ትጠብቅዎታለች። ከሁለተኛዋ ላም ወተት ያካፍሏት። የሚደፋውንም ወተት ወደ ቀበና ወንዝ አይልቀቁት፤ ግቢዎ ጥግ ላይ ጉድጓድ ቆፍረው ከእበቱ ጋር ይቅበሩት።