ንግግሩ ዩቲዩብ ላይ ከወጣ ፓይኮን ድረስ መሄድ ምን ይሠራል?

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ፓይዘን የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሥራ ላይ መጠቀም ከጀመርሽ ገና ዓመትሽ ነው። መሥሪያ ቤትሽ ፓይኮን፣ ማለትም የፓይዘን ሰዎች የሚሰበሰቡበት ኮንፈረንስ፣ ሊልክሽ ፈቅዷል። ግን ገለጻዎቹ በኋላ ዩቲዩብ ላይ ስለሚወጡ "ጊዜ ማባከን አይሆንም ወይ?" ብለሻል። ደግሞ እዚያ የማውቀው ሰው የለም፣ ሰው መቅረብም አይሆንልኝም ብለሻል። ገለጻው አይገባኝም ብለሽም ፈርተሻል፣ ሴት መሆንሽንም አንስተሻል። ብዙዎቹ "ሂጂ፣ ሰው ትተዋወቂያለሽ" ብለው መልሰውልሻል። ልክ ናቸው። እንዴት የሚለውን ግን ማንም አልነገረሽም። እኔ እንዲህ ያሉ ኮንፈረንሶች ላይ ለዓመታት ስመላለስ ስለቆየሁ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ ደስ የማይለውን ልናገር። ገለጻ ለመስማት ብቻ ከሆነ አትሂጂ። የምሬን ነው። ቤትሽ ቁጭ ብለሽ፣ ያልገባሽን ወደ ኋላ እየመለስሽ፣ የሰለቸሽን እየዘለልሽ ብታዪው ይሻልሻል። ትልልቆቹ ኮንፈረንሶች ላይ በአንድ ሰዓት ብዙ ገለጻ በተለያየ አዳራሽ ይካሄዳል። አንዱን ስትመርጪ ሌላው ያመልጥሻል። ከጠዋት እስከ ማታ ከአዳራሽ አዳራሽ የሚሯሯጥ ሰው በሁለተኛው ቀን ፈዞ ነው የሚውለው። ምን ሰማህ ብትዪው የሚነግርሽ ነገር የለውም።

ታዲያ የሚኬደው ለምንድን ነው? ገለጻውን የሚያቀርበውን ሰው ለማግኘት ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙን ስታዪ "ርዕሱ ያምራል ወይ?" አትበይ። "ይህን ሰው የምጠይቀው ነገር አለኝ ወይ?" በይ። ሥራ ላይ የሚያስቸግርሽን ነገር ከመሄድሽ በፊት ጻፊው። የዳታቤዝ ማይግሬሽን፣ ማለትም የዳታቤዙን መዋቅር መቀየር፣ ሁልጊዜ የሚያንገላታሽ ከሆነ ስለ ማይግሬሽን የሚናገረው ሰው ያንቺ ሰው ነው። ገለጻው ሲያልቅ ከመድረክ ወርዶ ጥግ ላይ ይቆማል። አራት አምስት ሰው ይከበዋል። አንቺም ሄደሽ ቁሚ። መጠየቅ ካፈርሽ ሌሎቹ የሚጠይቁትን ስሚ። ካሜራው ስለሌለ ሰውየው ዘና ይላል። "እሱን እኮ በኋላ አውጥተን ጣልነው"፣ "ፍጥነቱ የጨመረው በኮዱ ሳይሆን ትልቅ ሰርቨር ስለገዛን ነው" የሚባለው እዚያ ጥግ ላይ ነው። ዩቲዩብ ላይ ይህ የለም።

ላይትኒንግ ቶክ የሚባለውን ግን አትዝለዪ። ለአንድ ሰው የሚሰጠው 5 ደቂቃ ብቻ ነው። አንዱ ይቀልዳል፣ አንዱ የሠራትን ትንሽ ነገር ያሳያል፣ አንዱ ስላይዱ አልከፍት ብሎት ሰዓቱ ያልቅበታል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሳንታ ክላራ በተካሄደው ፓይኮን ሰለሞን ሃይክስ በእንዲህ ያለ አጭር ገለጻ ላይ ወጥቶ ዶከርን አሳየ፤ ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ነገር ጋር አንድ ላይ ጠቅልሎ የሚያስኬድ መሣሪያ ነው። ዛሬ የሥራ ማስታወቂያ ላይ ሁሉ የሚጠየቀውን ዶከር ማለቴ ነው። ከፓይዘን ውጭም ብትሄጂ ያው ነው። ራያን ዳል ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ የሚያስኬደውን ኖድ ጄኤስን እ.ኤ.አ. በ2009 በርሊን ላይ ጄኤስኮንፍ ኢዩ በተባለ ኮንፈረንስ አቀረበ። በ2018 እዚያው ኮንፈረንስ ላይ ተመልሶ ስለ ኖድ የሚቆጨውን 10 ነገር ዘረዘረና ዴኖ የተባለ ተመሳሳይ አዲስ መሣሪያ አስተዋወቀ። ቪዲዮዎቹን ማንም ማየት ይችላል። አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሰው ግን ከመድረክ ሲወርድ ጠብቆ "ይህንንስ ለምን?" ማለት ይችል ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የአሜሪካው ፓይኮን በተለመደው አካሄዱ መጀመሪያ የትምህርት ቀናት አሉት፤ ቱቶሪያል ይሏቸዋል። ቀጥሎ 3 ቀን ዋናው ኮንፈረንስ ነው። ከዚያ ደግሞ ስፕሪንት የሚባሉ ቀናት ይከተላሉ። አብዛኛው ሰው ዋናው ኮንፈረንስ ያለቀ ቀን ማታ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። እኔ ከገለጻና ከስፕሪንት አንዱን ምረጥ ብባል ዓይኔን ሳላሽ ስፕሪንቱን ነው የምመርጠው። ለስፕሪንቱ ተጨማሪ ክፍያ የለውም። ችሎታሽንም የሚፈትን የለም።

ስፕሪንት ማለት አብሮ ቁጭ ብሎ ኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮጀክት ላይ መሥራት ነው። በዋናው ኮንፈረንስ የመጨረሻ ቀን የየፕሮጀክቱ ሰዎች ተራ በተራ መድረክ ላይ ይወጡና ምን ሊሠሩ እንዳሰቡ ባጭሩ ይናገራሉ። በማግስቱ ጠዋት ክፍሎቹ ውስጥ ጠረጴዛዎቹ ላይ የፕሮጀክቱ ስም የተጻፈበት ወረቀት ቆሞ ታገኚያለሽ። የወደድሽው ጠረጴዛ ጋ ሄደሽ "አዲስ ነኝ፣ ልቀላቀል?" ነው የምትዪው። በቃ። ያንን ላይብረሪ፣ ሌሎች የሚጠቀሙበትን ዝግጁ ኮድ፣ የጻፈው ሰው ራሱ ወንበር ይስብልሻል።

አንድ ያየሁትን ልንገርሽ። አጠገቤ አንድ ልጅ ተቀምጧል። ገና ጀማሪ ነው። ኮዱን አውርዶ ቴስቱን፣ ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሸውን፣ ሲያስኬድ ከመቶዎቹ ቴስቶች አንዱ ብቻ ቀይ ሆነ፤ ወደቀ ማለት ነው። ደግሞ አስኬደው፣ ያው ቀይ። ላፕቶፑን ትንሽ ከደን አድርጎ ዙሪያውን ማየት ጀመረ። ጥፋቱ የራሱ መስሎታል። ፕሮጀክቱን ከሚመሩት አንዷ ከወዲያ ማዶ አየችውና መጥታ ከኋላው ቆመች። ስህተቱን አነበበችው። ቴስቱ የወር ስም በእንግሊዝኛ ይጠብቃል። የልጁ ኮምፒውተር ግን በሌላ ቋንቋ ነው የተስተካከለው፤ የወሩን ስም በዚያው ቋንቋ አወጣው። ሴትየዋ ሳቀችና "የሁላችንም ኮምፒውተር በእንግሊዝኛ ስለሆነ ይህን አይተነው አናውቅም፤ በል አንተው አስተካክለው" አለችው። ጥቂት መስመር ብቻ ነበር። ፑል ሪኩዌስቱን፣ ማለትም ለውጡን ተቀበሉኝ የሚለውን ጥያቄ፣ ሲልክ ገምጋሚዋ ፊት ለፊቱ ነው የተቀመጠችው። አንድ ቦታ ላይ "የዚህን ስም ቀይረው" አለችው፤ ቀየረው፤ ወዲያው ገባለት። ከቤቱ ሆኖ ቢልከው ኖሮ መልስ ሳያገኝ ሳምንታት ሊቆይ ይችል ነበር። ሰዎቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ብዙዎቹ በትርፍ ሰዓታቸው በነጻ የሚሠሩ ናቸው፣ አይደርሱበትም።

እዚህ ላይ ልብ በይ። ልጁን የጠቀመው አዲስ መሆኑ ነው። አሮጌዎቹ ኮምፒውተራቸው ከተዘጋጀ ዓመታት አልፈዋል። የኢንስቶል መመሪያው የቱ ጋ እንደሚያደናቅፍ አያውቁም። አንቺ በመጀመሪያው ሰዓት ታውቂዋለሽ። ስለዚህ "ገና ጀማሪ ነኝና ምን እረባለሁ" የሚለውን ተዪው። ብቻ ተዘጋጅተሽ ሂጂ። የኮድ ለውጥ መከታተያው ጊት ላፕቶፕሽ ላይ ይኑር፣ ኮድ የሚጋሩበት የጊትሃብ አካውንትሽም ክፍት ይሁን። የመረጥሽውን ፕሮጀክት ኮድ ከመሄድሽ በፊት አውርጂው፤ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያወርድ ዋይፋዩ ይንፏቀቃል። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ገመድ የያዘ ሰው ደግሞ ሳያስበው ከጠረጴዛው ሁሉ ጋር ይተዋወቃል።

ሰው መቅረብ አይሆንልኝም ላልሽው። እዚያ ካለው ሰው ብዙው እንዳንቺው ነው፤ ስክሪን ሲያይ የሚውል ሰው እኮ ነው። ራይት ዘ ዶክስ የተባለውን የሶፍትዌር መመሪያ ጸሐፊዎች ማኅበረሰብ ከመሠረቱት አንዱ ኤሪክ ሆልሸር የጻፋት አንዲት ደንብ አለች፣ ብዙ ኮንፈረንስ ላይ ትነገራለች። የፓክማን ደንብ ትባላለች። ክብ ሠርታችሁ ስትቆሙ አንድ ሰው የሚገባበት ክፍተት ተዉ ነው የምትለው፤ ክቡ አፉን እንደከፈተው የቪዲዮ ጌም ገጸ ባሕርይ እንደ ፓክማን ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ክፍት ቦታ ካየሽ ግቢና ቁሚ። ወዲያው መናገር የለብሽም። ንግግር መክፈቻ ከፈለግሽ "ምን ላይ ነው የምትሠራው?" በቂ ነው። "እኔ ምንም አላውቅም" ብለሽ ግን አትጀምሪ፤ ሰውየው ምን ብሎ ይቀጥል?

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ዘዴ በበጎ ፈቃደኝነት መመዝገብ ነው። የማኅበረሰብ ኮንፈረንሶች የሚቆሙት በበጎ ፈቃደኞች ነው። ባጅ ማደል፣ ተናጋሪውን ወደ አዳራሹ መውሰድ፣ "5 ደቂቃ ቀረህ" የሚል ወረቀት ማሳየት፣ እንዲህ ያለ ሥራ ሞልቷል። ለዓይን አፋር ሰው ይህ መድኃኒት ነው። አንቺ ሰው ፍለጋ መሄድሽ ይቀርና ሰው አንቺን ፍለጋ ይመጣል። ተናጋሪውን ከመድረክ ጀርባ ማይክ እስኪገጠምለት ስትጠብቂ የምታወሩት ወሬ ደግሞ ጥሩ ነው። የጨነቀው ሰው ስለሆነ ማንም ቢያወራው ደስ ይለዋል።

የስፖንሰሮቹ አዳራሽ ላይ ብዙ ጊዜ አትፍጂ። ቲሸርቱም ስቲከሩም አለ፣ ውሰጂ። ግን ባጅሽን ስካን ባደረጉ ቁጥር ኢሜይልሽን እየሰጠሻቸው ነው። በኋላ ኢንቦክስሽ ቢሞላ እንዳትገረሚ። ሥራ እየፈለግሽ ከሆነ ቅጥር ክፍሉን ትተሽ ኢንጂነሩን ጠይቂ። "ኮዳችሁ ውስጥ የምትጠሉት የቱ ጋ ነው?" በዪው። መልሱ ስለ ድርጅቱ ከብሮሹሩ የበለጠ ይነግርሻል።

ኦፕን ስፔስ የሚባልም አለ። ሰሌዳ ላይ ባዶ ሰዓቶችና የክፍል ቁጥሮች ይለጠፋሉ። የፈለገ ሰው ርዕስ ጽፎ አንዱን ሰዓት ይይዛል። ጃንጎ የተባለውን የፓይዘን ዌብሳይት መሥሪያ የምትጠቀሚ ከሆነ አንቺም "ጃንጎ ሥራ ላይ ገና የጀመርን" ብለሽ ለጥፊ። ሦስት ሰው ቢመጣ እንኳ ሦስቱም ያንቺው ችግር ያለባቸው ናቸው።

አይገባኝም ብለሽ መፍራትሽን በተመለከተ፣ አዎ፣ ብዙው አይገባሽም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ፓይዘን 3.13 ጊል የተባለውን፣ የፓይዘን ኮድ በአንድ ጊዜ በአንድ ትሬድ (የሥራ መስመር) ብቻ እንዲሄድ የሚያደርገውን መቆለፊያ ማጥፋት የሚቻልበት የሙከራ ቅጂ ይዞ መጥቷል። ስለ እሱ ሰዎች ኮሪደር ላይ ሲከራከሩ ልትሰሚ ትችያለሽ። ዌብ የሚሠራ ሲኒየርም እኮ ግማሹ ሳይገባው ራሱን እየነቀነቀ ነው የሚቆመው። ከገለጻው መሀል ተነስቶ መውጣትም ነውር አይደለም። በር አጠገብ ተቀመጪ።

ሴት መሆንሽን ስላነሳሽ፣ ፓይሌዲስ የሚባለውን በፓይዘን የሚሠሩ ሴቶች ስብስብ ፈልጊ። ከጀማሪ እስከ ኮር ዴቨሎፐር፣ ፓይዘንን ራሱን ከሚሠሩት ማለቴ ነው፣ ታገኚበታለሽ። ለሴቶች ፕሮግራሚንግ የሚያስተምረው ጃንጎ ገርልስም የተወለደው እ.ኤ.አ. በ2014 በርሊን በተካሄደው ዩሮፓይተን፣ የአውሮፓው የፓይዘን ኮንፈረንስ፣ ላይ ነው። የሥነ ምግባር ደንቡን ደግሞ አንብቢው። በተለይ ችግር ቢገጥምሽ ለማን እንደምትናገሪ የሚለውን ክፍል። ስልክ ቁጥሩን ያዢው፤ ላያስፈልግሽ ይችላል፣ ግን ያዢው።

ምርጫው ላንቺ ከተተወ ለመጀመሪያ ጊዜ ከትልቁ ይልቅ ትንሹን እመርጥልሽ ነበር። ጥቂት መቶ ሰው ባለበት ጠዋት ያወራሽውን ሰው ከሰዓትም ታገኚዋለሽ። በሺዎች ባሉበት አንዴ ከጠፋሽ ጠፋሽ ነው። ፓይኮን ደግሞ አሜሪካ ብቻ አይደለም። ፓይኮን አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 አክራ ላይ ተጀምሯል፤ ናሚቢያ ከዚያም ቀደም ብላ የራሷን አዘጋጅታለች። የትም ሂጂ የትም፣ ቪዛ የሚያስፈልግሽ ከሆነ የግብዣ ደብዳቤውን ገና ስትመዘገቢ ጠይቂ። አዘጋጆቹ ደብዳቤ ይጽፉልሻል እንጂ ኤምባሲ ላይ ሥልጣን የላቸውም። መሥሪያ ቤትሽ ሐሳቡን ቢቀይር ደግሞ ብዙዎቹ የጉዞ ድጋፍ አላቸው። ማመልከቻው ከኮንፈረንሱ ወራት ቀድሞ ስለሚዘጋ ቀኑን ከአሁኑ እዪው።

አለቃሽ ትኬት ከማስቆረጡ በፊት ግን የመመለሻውን ቀን ተነጋገሩበት። ስፕሪንቱ ላይ ቢያንስ ሁለት ቀን እንድትቆዪ ጠይቂው። "ለምን?" ካለሽ በየቀኑ የምንጠቀምባቸውን ላይብረሪዎች ከሚጽፉት ሰዎች ጋር ልሠራ ነው በዪው፤ እውነትም ነው። መሥሪያ ቤታችሁ የትኞቹን ላይብረሪዎች እንደሚጠቀም እዚህ ጻፊልኝ። የማውቀው ካለ ቀድመሽ ምን ኢንስቶል ማድረግ እንዳለብሽ እነግርሻለሁ።