በየወሩ አዲስ ነገር ይይዘኛል፣ ምን ሆኜ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 31 ዓመቴ ነው፣ አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በየወሩ አንድ ነገር ይይዘኛል። አንዴ በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ፣ አንዴ በባዶ ሆድ ተልባ፣ አንዴ ደግሞ በየአራት ሰዓቱ ሃያ ደቂቃ ብቻ መተኛት። ሲይዘኝ ሌላ ነገር አይታየኝም፤ ስለሱ ሳነብ አመሻለሁ፣ ደብተር ገዝቼ መመዝገብ እጀምራለሁ። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ድንገት ያስጠላኛል። አምስት ደብተር አለኝ፣ ሁሉም የተጻፈባቸው የመጀመሪያዎቹ ገጾች ብቻ ናቸው። ቡና ሳቆም በሁለተኛው ቀን ራሴን ፈለጠኝ፤ መርዙ እየወጣ ነው ብዬ ቻልኩት። በሳምንቱ በጣም ቀለለኝ፤ በጊዜ መተኛትም የጀመርኩት ያኔ ነው። ከሁሉም የቆየልኝ ቫይታሚን ዲ ነው፣ ባለ 50,000ውን በየቀኑ አንድ አንድ እየዋጥኩ አርባ ቀን ሆነኝ። አፌ ከመድረቁ፣ ሆዴ ከመድረቁና ሌሊት ሁለት ሦስቴ ለሽንት ከመነሳቴ በቀር ደህና ነኝ። ባለቤቴ «ደሞ አሁን ምን ጀመርክ?» ትለኛለች። የአእምሮ ሕመም ይሆን?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የጠየቁኝ ስለ አእምሮዎ ነው፤ እኔን ያሳሰበኝ ግን ቀለል አድርገው ያለፉት ነገር ነው። ከሱ ልጀምር።

ቫይታሚን ዲውን ዛሬውኑ ያቁሙ። ባለ 50,000 ዩኒቱ እንክብል እጥረት ላለበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው በሳምንት አንዴ ነው። ለጤነኛ አዋቂ፣ ሐኪም ሳያዝለት በቀን ከ4,000 ዩኒት በላይ አይመከርም። እርስዎ በአርባ ቀን የጨረሱት በሳምንት አንድ ቢሆን ኖሮ ዘጠኝ ወር ያስኬድ ነበር። ቫይታሚን ሲ ቢበዛ ባብዛኛው በሽንት ይወጣል። ዲ ግን ስብ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ካቆሙት በኋላም ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። ሲበዛ የደም ካልሲየምን ከፍ ያደርጋል። ካልሲየም ሲበዛ ደግሞ ኩላሊት ውኃን መያዝ ያቅተዋል። ሰውየው ሽንት ይበዛበታል፣ ይጠማዋል፣ አፉም ሆዱም ይደርቃል። እርስዎ የጻፉልኝ ይህንኑ ነው።

ነገ ጠዋት ጤና ተቋም ሄደው ካልሲየም፣ የኩላሊት ምርመራ፣ የቫይታሚን ዲ መጠንና ስኳር ይታዩ። ስኳሩን የጨመርኩት የስኳር ሕመምም በጥማትና በሽንት ብዛት ስለሚጀምር ነው። እስከዚያ ውኃ በደንብ ይጠጡ። ካልሲየም ያለበት እንክብል የሚወስዱ ከሆነም ይተዉት። ማስታወክ፣ ግራ መጋባት፣ አልነሳ የሚል ድካም ወይም የልብ ምት መዛባት ከመጣ ግን ነገን አይጠብቁ፣ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ሲሄዱ የሚወስዱትን ሁሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። እንክብሉን ከነማሸጊያው፣ ተልባውን፣ ከማር ጋር የተለወሰ ጥቁር አዝሙድም ካለ እሱንም። እንዲህ ይዞ የሚመጣ ታካሚ ሥራዬን በግማሽ ያቀልልኛል። ብዙ ሰው «መድኃኒት ትወስዳለህ?» ሲባል «አልወስድም» ይላል፤ ቫይታሚንን መድኃኒት ነው ብሎ አያስበውማ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ነገር መጀመርና መተው ብቻውን ሕመም አይደለም። ፍላጎቱ ሦስተኛው ሳምንት ላይ የሚጠፋብዎትም የሚያስገርም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የለንደን ጥናት ነበር። ሰዎች አንድ አዲስ ነገር በየቀኑ ሲያደርጉ ሳያስቡት የሚያደርጉት ልማድ እስኪሆንላቸው በአማካይ 66 ቀን ወስዷል። አንዳንዱ በ18 ቀን ሲደርስ፣ አንዳንዱ ከ250 ቀን በላይ እንደሚፈጅበት ተገምቷል። እንግዲህ ሦስተኛው ሳምንት ክፉ ቦታ ነው፤ አዲስነቱ አልቋል፣ ልማዱ ገና ሥር አልሰደደም። በዚያ ላይ ብቻዎን ነዎት። አቢይ ጾምን 55 ቀን የሚዘልቅ ሰው ከእርስዎ የበለጠ ጽናት ኖሮት ላይሆን ይችላል፤ ቤቱም ጎረቤቱም አብሮት ይጾማል፣ መፍቻውንም ቀድሞ ያውቀዋል።

ሆኖም በቸልታ እንዳላልፍዎ ሁለት ነገር ልጠይቅዎ። አንዱ ስለ እንቅልፍ ነው። አንድ ነገር ሲይዝዎት እንቅልፍ የሚቀንሰው እርስዎ ስለሚያመሹ ነው ወይስ ስለማያስፈልግዎ? አምሽቶ በማግሥቱ የሚደክመው ሰው አያሳስበኝም። ሦስት ሰዓት ተኝቶ ሙሉ ጉልበት የሚሰማው፣ ንግግሩ የሚፈጥን፣ ገንዘብ የሚበትን፣ እንዲህም ሆኖ አራት ቀንና ከዚያ በላይ የሚቆይ፣ ቤተሰቡም «ምን ነካው?» የሚለው ሰው ግን የአእምሮ ሐኪም ማየት አለበት። ባይፖላር የሚባለው የስሜት ሕመም አንዱ መልኩ ይህ ነው። ሁለተኛው ስለ ልጅነትዎ ነው። ከ12 ዓመት በፊት ጀምሮ የትምህርት ቤት ሥራ መጨረስ፣ ዕቃ አለመጣል፣ ቁጭ ብሎ መስማት ያስቸግርዎት ነበር? አሁንስ መሥሪያ ቤት ሒሳቡ ሳይዘጋ ይቀራል? እንደዚያ ከሆነ የትኩረት ችግር ሊሆን ይችላልና መመርመሩ ይጠቅማል። ለሁለቱም መልስዎ «አይደለም» ከሆነ፣ እኔ ከደብዳቤዎ የማየው ማወቅ የሚወድ ሰው ነው። ይህን እንዲያጡት አልፈልግም።

ችግሩ አሞካከርዎ ላይ ነው። ቡናውን እንይ። ቡና የለመደ ሰው ሲያቆም ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራሱን ማመም ይጀምረዋል፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ሁለት ቀን ይከፋል፣ ቢበዛ በዘጠነኛው ቀን ይለቃል። የሚወጣ መርዝ የለም፤ የለመደውን ካፌይን ያጣ አንጎል ነው። በሳምንቱ የቀለለዎትም ሕመሙ ስለለቀቀ ሊሆን ይችላል። በጊዜ መተኛት ስለጀመሩም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ባንድ ላይ ስለለወጡ መቼም አያውቁትም። ደብተሩ ገና በመጀመሪያው ገጽ ጠቀሜታውን ያጣው በዚህ ነው።

ኤች ፓይሎሪን ያውቁት ይሆናል፤ ጨጓራ ያመመው ሁሉ ስሙን ሰምቷል። ባክቴሪያው ጨጓራን እንደሚያሳምም ለማሳየት አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ራሱ ጠጣው። አስቀድሞ ግን ጨጓራው ጤነኛ መሆኑን በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቱቦ አረጋግጧል። ጥያቄው አንድ ነበር። ከታመመ በኋላ እንደገና ናሙና ተወሰደለት፤ ጨጓራው ተቆጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ከሥራ ባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር የኖቤል ሽልማት አገኘ። ባክቴሪያ ይጠጡ አላልኩም። የምወድለት ሳይጀምር መለካቱን ነው።

እርስዎም እንደዚያ ያድርጉ። ደብተሩ ላይ ገና ሳይጀምሩ ሦስት መስመር ይጻፉ፦ ምን ማወቅ እንደሚፈልጉ፣ በምን እንደሚለኩት፣ በየትኛው ቀን እንደሚያቆሙ። አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ። ሁለት ሳምንት ሞክረው ሁለት ሳምንት ይተዉት፣ ከዚያ እንደገና ይሞክሩት። ያዩት ለውጥ ተመልሶ ካልመጣ ድሮም ከሱ የመጣ ላይሆን ይችላል። ቀኑ ደርሶ ሲያቆሙ ደግሞ ጨረሱ እንጂ ተዉት አይባልም።

ቀዝቃዛ ውኃው ልብ ሕመምና ደም ግፊት ከሌለብዎ ይቀጥሉበት። ተልባም ከብዙ ውኃ ጋር ጥሩ ነው። የእንቅልፉን ግን አይድገሙት። በየአራት ሰዓቱ ሃያ ደቂቃ ማለት በቀን ሁለት ሰዓት ነው፤ አዋቂ ሰው ቢያንስ ሰባት ያስፈልገዋል። መኪና የሚነዱ ከሆነማ በራስዎ ብቻ አይደለም የሚሞክሩት። የሚዋጥ ነገር ሁሉ ደግሞ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ሳይጠየቅ አይጀመር።

ዛሬ ማታ ስለ አርባው እንክብል ለባለቤትዎ ይንገሯት። ካልሲየሙ ከፍ ብሎ ከሆነ ግራ መጋባቱን ቀድማ የምታየው እሷ ናት፤ ግራ የተጋባ ሰው ራሱ አያውቀውም። የምርመራው ውጤት ሲደርስዎ ቁጥሩን ጽፈው ይላኩልኝ።