መልስ፦ ቤቱ ሳያልቅ እዚያው መኖር ይቻላል?

እህቴ፣ «የጭቃ ቤታችንን እያደስን ክረምት ሊገባብን ነው፤ ከልጆቼ ጋር እዚያው ልቆይ ወይስ ልከራይ?» ብለሻል። እኔ ደብረ ማርቆስ ባላለቀ ቤት ሦስት ክረምት አሳልፌያለሁ። ቆርቆሮው ካላፈሰሰ ቆዪ፤ ኪራይ የሲሚንቶውን ብር ይበላዋል።

ግን አንዷን ክፍል ጨርሺ። እኛን የጎዳን አራቱንም እኩል መጀመራችን ነው፤ አንድም የሚዘጋ በር አልነበረንም። ማርቆስ ከፍታው ወደ 2,400 ሜትር ነው፤ የሐምሌ ብርድ በሸራ አይመለስም።

ልስኑን አደራ፣ አሁን በሲሚንቶ እንዳታስለስኚ። እኛ ግንበኛው አጣድፎን ሰኔ ላይ አስለሰንን። ጥቅምት ላይ በጣት ስነካው እንደ ደረቀ እንጀራ ጠርዙ ተነሥቶ እግሬ ሥር ወደቀ። ጭቃው ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶው አብሮት አይሄድም። ይልቅ የጤፍ ጭድ የገባበት ጭቃ ጥቂት ቀን ተረግጦ ይቡካ፣ በእሱ አስመርጊው። ክረምቱ ሲወጣ ስንጥቁን ደግመሽ ድፈኚ። ሲሚንቶ የግድ ካልሽ ያኔ የሽቦ መረብ አስቸንክረሽ ነው። ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ የግድግዳውን እግር እንዳይበላውም ዛሬውኑ ቦይ አስቆፍሪ።

እህልና በርበሬ ከአሸዋው ራቅ ይበል። ባለቤቴ ያን ጊዜ የበላነውን ሽሮ ስታስታውስ ጥርሷን ትይዛለች።

ቆርቆሮው ግን ስንት ዓመቱ ነው? ምስማሩ ዙሪያ ዝገት ካለ ንገሪኝ፣ ያኔ ምክሬ ይለወጣል።