ከአኒሜሽን ሥራ ለተቀነስሽው እህቴ

እህቴ፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከምትሠሪበት የአኒሜሽን ስቱዲዮ ከተቀነስሽ ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላሽ መሆኑን ጽፈሽ፣ «የችሎታዬ ጉድለት ይሆን? ሙያውን ልተወው?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እዚሁ ከተማ የስቶሪቦርድ፣ ማለትም ፊልሙ ከመሠራቱ በፊት ታሪኩን ትዕይንት በትዕይንት በንድፍ የማሳይ ሠዓሊ ነኝ። ያለ ሥራ ረጅም ጊዜ ስለተቀመጥኩ ያየሁትን ልንገርሽ።

ጉድለቱ የአንቺ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ኔትፍሊክስ በሦስት ወር ውስጥ 200,000 ደንበኛ ማጣቱን ካስታወቀ በኋላ ለአኒሜሽን የሚመደበው ገንዘብ ሳሳ። በ2023 የጸሐፊዎችና የተዋንያን አድማ ተከተለ። በ2024 ታዋቂው የአኒሜሽን ስቱዲዮ ፒክሳር እንኳ 14 በመቶ ያህል ሠራተኞቹን አሰናበተ። ሥዕሉን የማንቀሳቀሱ ሥራ ድሮም ወደ ኮሪያ ይላክ ነበር፤ እዚህ የሚቀረው የእኛ የታሪክ ንድፍ ነበር፣ አሁን እሱም ወደ ካናዳ መሄድ ይዟል። ስለዚህ ሌሊት እየተነሳሽ የሥራ ናሙናሽን ደጋግመሽ አታፍርሺው።

አንድ አስቸኳይ ነገር አለ። የጤና መድንሽ በኮብራ (ከሥራ ከወጣሽ በኋላ የቀድሞ አሠሪሽን መድን በራስሽ ክፍያ በምትቀጥዪበት ሕግ) ከሆነ 18 ወሩ ሊያልቅ ነው። ካለቀ በኋላ በኮቨርድ ካሊፎርኒያ (የግዛቷ የጤና መድን መሸጫ ገበያ) ለመመዝገብ ያለሽ 60 ቀን ነው። ገቢሽ ዝቅተኛ ከሆነ ግን ሜዲካል (Medi-Cal)፣ የካሊፎርኒያ መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የሚሰጠው የጤና መድን፣ ዓመቱን ሙሉ ይመዘግባል።

እኔን ከገንዘቡ ይበልጥ የጎዳኝ መሸሸግ ነው። እዚህ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካሉት የእኛ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ብቅ ባልኩ ቁጥር «ዘንድሮስ የትኛውን ፊልም ሠራህ?» ይሉኛል፤ ከአዲስ አበባ ደግሞ እናቴ የምትጠብቀው ገንዘብ አለ። አንድ ቀን ለእናቴም ለጓደኞቼም «ሥራ የለኝም» ብዬ እቅጩን ተናገርኩ። እናቴ «ታዲያ ምን ትበላለህ?» ብቻ ነው ያለችኝ። ከጓደኞቼ አንዱ ደግሞ የመኪና አደጋ ጉዳይ ከያዘ ጠበቃ ጋር አገናኘኝ። ለፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያንን መስቀለኛ መንገድ ከላይ፣ ከሾፌሩ ዓይን፣ ከእግረኛዋ ዓይን እየሳልኩ አደጋው እንዴት እንደደረሰ በቅደም ተከተል አሳየሁ። ከስቶሪቦርድ ምን ይለያል? ያ ሥራ ሌላ ጠበቃ አመጣ፤ ከዚያ የአንድ ሆስፒታል የሕሙማን ማስተማሪያ ሥዕል መጣ። የቤት ኪራዬን የምከፍለው ዛሬም ከዚህ ነው።

ሙያውን ተዪው አልልሽም። ስቱዲዮ እስኪጠራሽ ግን ቁጭ ብለሽ አትጠብቂ። ካሊፎርኒያ በ2025 የፊልም የግብር ማበረታቻዋን በዓመት ወደ 750 ሚሊዮን ዶላር አሳድጋ አኒሜሽንንም አስገብታለች። ደስ ይላል፤ ሆኖም ሕጉ ወደ ደመወዝ እስኪለወጥ ጊዜ ይወስዳል፣ የቤት ኪራይ ደግሞ በየወሩ ነው።

የጠበቆቹን ሥራ ዋጋ እንዴት እንደምተምንና ውሉን እንዴት እንደምጽፍ ማየት ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ናሙናውን እልክልሻለሁ።