«ቼንጅኦቨሩ አልቋል» ብለህ ከመፈረምህ በፊት፦ ለአንድ የመርከብ መሐንዲስ የተሰጠ የሕግ ምክር

ጥያቄው ባጭሩ፦ «ጤና ይስጥልኝ የሕግ አማካሪ። መርከብ ላይ ሦስተኛ መሐንዲስ ነኝ። ሜዲትራንያን ከመግባታችን 8 ሰዓት በፊት 0.45 ፐርሰንት ሰልፈር ካለው ነዳጅ ወደ 0.08ቱ ቼንጅኦቨር (የነዳጅ ቅየራ) ጀመርን። ሞተሩን የሚመግበው ሰርቪስ ታንክና መስመሩ አንድ ላይ 12 ቶን ያህል ይይዛል፣ በሰዓት 1.5 ቶን እናቃጥላለን። ቀጠናው ውስጥ ስንገባ ቼንጅኦቨሩ አልቋል ተብሎ ሎግ ቡኩ ተስተካክሏል። ከገባን 7 ሰዓት በኋላ ወደብ ላይ ኢንስፔክተሮች ከሞተሩ መግቢያ ሳምፕል ወሰዱ፣ ውጤቱ 0.14 ወጣ። የሻጩ ዴሊቨሪ ኖት (የነዳጅ ማስረከቢያ ወረቀቱ) 0.08 ይላል። ነዳጁ ሲጫን ሳምፕሉ በደንቡ ነው የተወሰደው፣ እኔ ታች ቫልቭ ላይ ነበርኩ ግን የሳምፕል ጠርሙሶቹ ሌብሎች ላይ ፈርሜያለሁ። አሁን ካምፓኒው ያዘጋጀውን የምስክርነት ቃል ፈርም እያሉኝ ነው። ልፈርም ወይ? ሻጩን መክሰስ አይቻልም? ቅጣቱስ ከደሞዜ ይቆረጣል?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አትፈርም። የራስህ ጠበቃ ወረቀቱን ሳያነበው ዛሬም ነገም አትፈርም። ሌላውን ቀስ ብለን እናየዋለን።

ደረቁን ሕግ ቶሎ ልጨርሰው። ከ2020 ጃንዋሪ 1 ጀምሮ በዓለም ዙሪያ የሰልፈር ጣሪያው 0.50 ፐርሰንት ነው፣ ኢካ በሚባሉት የልቀት መቆጣጠሪያ ቀጠናዎች ውስጥ ደግሞ 0.10፣ ሜዲትራንያንም ከ2025 ሜይ 1 ወዲህ ከነሱ አንዱ ነው። እየተቃጠለ ካለው ነዳጅ የተወሰደ ሳምፕል በላብራቶሪ መለኪያ ልዩነት ምክንያት እስከ 0.11 ድረስ ይታለፋል፣ 0.14 ግን አይታለፍም። «ሻጩ 0.08 ብሎኛል» ማለት ለመርከቡ ጥሩ ማስረጃ ነው እንጂ ነጻ አያወጣውም፣ ያቃጠለው መርከቡ ስለሆነ። የቅጣቱን መጠን ማርፖል (መርከቦች እንዳይበክሉ የሚደነግገው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ራሱ አልወሰነም፣ ለየአገሩ ሕግ ነው የተወው፣ ስለዚህ የምትከራከርበት አገር ጠበቃ ሳይጠየቅ ይህን ያህል ነው ብሎ ቁጥር የሚነግርህን ሰው አትስማ።

አሁን ወዳልነገርከኝ ነገር ልምጣ። «ሎግ ቡኩ ተስተካክሏል» ብለሃል። ማን አስተካከለው? መቼ? ሳምፕሉ ከመወሰዱ በፊት ነው ወይስ 0.14 ከመጣ በኋላ? ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ የለም። ደግሞ ዘለልከው እንጂ የረሳኸው አይመስለኝም።

ለምን እንደምጠይቅህ ልንገርህ፣ አንተው የላክልኝን ቁጥር ወስጄ ደመርኩት። 12 ቶን በሰዓት 1.5 ቶን እየተቃጠለ አንድ ጊዜ ለመዞር 8 ሰዓት ይፈጃል፣ ግን አዲሱ ነዳጅ አሮጌውን ገፍቶ አያስወጣውም፣ ታንኩ ውስጥ ይቀላቀለዋል እኮ፣ ይሄን አንተ ከኔ በላይ ታውቃለህ። ታንኩ ሙሉ ሆኖ እየተሞላ ከሄደ ከ8 ሰዓት በኋላ ከአሮጌው ከሲሶ በላይ ገና አለ ማለት ነው፣ ድብልቁ ወደ 0.22 አካባቢ ነው። ከ15 ሰዓት በኋላ፣ ማለትም ኢንስፔክተሮቹ ጠርሙሳቸውን በያዙበት ሰዓት፣ ወደ 0.14 ይወርዳል። ላብራቶሪው ያወጣው ቁጥር! ከ0.10 በታች ለመውረድ 23 ሰዓት ገደማ ያስፈልጋችሁ ነበር። ይሄ ግርድፍ ሒሳብ ነው፣ መጀመሪያ ታንኩን ዝቅ አድርጋችሁት ከነበረ ይለወጣል፣ ትክክለኛውን ባለሙያ ይስራው፣ ግን እኔ ጠበቃ ሆኜ በካልኩሌተር ካገኘሁት እነሱም ያገኙታል።  መርከቡ ላይ የተጻፈ የቼንጅኦቨር ፕሮሲጀር መኖሩ ግዴታ ነው፣ እሱ ስንት ሰዓት ይላል? እሱንም አልላክልኝም።

ስለዚህ «ሻጩን እንክሰስ» የሚለው ነገር እንደሚመስለኝ ብዙም አያስኬድም። ነዳጁ ጥሩ ነበር፣ ሰዓቱ ነው ያነሰው። ይሄ ደግሞ ለመርከቡ ጥፋት ነው ግን የዓለም መጨረሻ አይደለም። የባሕር ሕግ ኮንቬንሽን አንቀጽ 230 የውጭ መርከብ ለሚፈጽመው የብክለት ጥፋት በመሠረቱ የገንዘብ ቅጣት ብቻ እንዲጣል ነው የሚለው፣ በግዛት ባሕር ውስጥ ሆን ተብሎ የተደረገ ከባድ ብክለት ካልሆነ በስተቀር። ሰልፈር አለፈ ተብሎ ሦስተኛ መሐንዲስ እስር ቤት ሲገባ እኔ አላየሁም።

በሐሰት መዝገብ ግን አይቻለሁ ሲገባ። ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ይሄ ነው፣ ለዚህ ነው የምቆጣህ። ደንቡ ቼንጅኦቨሩ ያለቀበትን ቀን፣ ሰዓትና የመርከቡን ቦታ፣ በየታንኩ ያለውንም የዝቅተኛ ሰልፈር ነዳጅ መጠን መዝግቡ ይላል። ያላለቀውን አልቋል ብሎ መጻፍ ከጭሱ የተለየ ሌላ ወንጀል ነው፣ አንቀጽ 230ም አይከልልህም። አሜሪካ ውስጥ ለምሳሌ የፌዴራል ምርመራን ለማደናቀፍ ብሎ መዝገብ ማጭበርበር እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል፣ መርከቡ ጥፋቱን የሰራው ከነሱ ውሃ ውጭ ቢሆን እንኳ የውሸት መዝገብ ይዞ ወደባቸው መግባቱ ራሱ ክስ ሆኖ ይመጣል። ባለገንዘቡ ካምፓኒ ከፍሎ ይሄዳል፣ ስሙ ገጹ ላይ ያለው ልጅ ይቀራል።

አንድ የያዝኩት ጉዳይ ነበር። ልጁ «ሰዓቱን አስተካክል» ተባለ፣ ገጹን በንጹህ ገለበጠው፣ እጅግ ቆንጆ አድርጎ ጻፈው፣ የአራት ቀን ዋች (የተረኝነት መዝገብ) በአንድ እስክሪብቶ፣ አንድም የዘይት ጣት የለበትም። ኢንስፔክተሩ ግን የመጀመሪያውን ገጽ ከአንድ ቀን በፊት በስልኩ ፎቶ አንስቶት ነበር። ምንም አላለም፣ ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ሰልፈር የጠየቀን ሰው የለም። ገጹ እንኳን ባይነሳ የታንክ ሳውንዲንጉ (የነዳጁ ከፍታ ልኬት) አለ፣ የሞተር ክፍሉ የአላርም ፕሪንት አለ፣ የነዳጁ ሙቀትና ቪስኮሲቲ (ውፍረቱ) የተመዘገበበት አለ፣ እነሱን ሁሉ አስተካክለህ አትጨርስም።

ስህተት የሚታረምበት መንገድ አለ፦ አሮጌው እንዲነበብ አድርገህ በአንድ መስመር ትሰርዘዋለህ፣ ያረምክበትን የዛሬን ቀንና ፊርማህን ታኖራለህ፣ እውነት ከሆነ ብቻ። ምርመራ ከተጀመረ በኋላ ግን ይሄንንም ጠበቃ ሳታማክር አታድርገው። አንተ ራስህ ነክተኸው ከሆነ ለጠበቃህ ዛሬውኑ ንገረው፣ ሌላ ሰው ከነካውም እንደዚያው። ከጠበቃህ የምትደብቀው ነገር ነው ኋላ የሚጎዳህ።

«ሳምፕሉ በደንቡ ነው የተወሰደው» ያልከውም እንዲሁ ነው። አንተ ታች ቫልቭ ላይ ከነበርክ እንዴት አወቅክ? ሳምፕሉ በመርከቡ ማኒፎልድ (የነዳጅ ሆዙ የሚገጠምበት ቦታ) ላይ፣ ነዳጁ መግባት ከጀመረበት እስኪያልቅ ድረስ ጠብ ጠብ እያለ ነው የሚሰበሰበው፣ ከዚያ ተነቅንቆ ወደ ጠርሙሶቹ ይከፈላል፣ ይታሸጋል፣ የሲሉ (የማሸጊያው) ቁጥር ዴሊቨሪ ኖቱ ላይ ይገባል። ሆዙ ሳይገጠም ሌብሎቹን «ቶሎ ፈርምልኝ» ብለው ይዘው እንደሚመጡ አውቃለሁ፣ ነዳጁን ካመጣው ጀልባ ከባርጁ ተሞልቶ የመጣ ጠርሙስም አውቃለሁ። ፊርማህ «አይቻለሁ» ነው የሚለው። ካላየህ፣ ሲጠይቁህ አላየሁም በል። አሁን ግን ያ ታሽጎ መርከቡ ላይ የተቀመጠው የማርፖል ጠርሙስ ጓደኛህ ሊሆን ይችላል፣ 0.08 ካለ ነዳጁ ጥሩ እንደነበር ይናገራል፣ 0.12 ካለ ደግሞ እኔ ከላይ ያልኩት ሁሉ ይገለበጣል፣ ሻጩም ይጠየቃል። ቢያንስ 12 ወር መቀመጥ አለበት፣ ዴሊቨሪ ኖቱ 3 ዓመት። ማንም እንዳይከፍተው፣ ካምፓኒው «ለራሳችን እናስመርምረው» ቢል እንኳ። ከሻጩ ጋር ባለው ውል የቅሬታ ጊዜው ብዙ ጊዜ በቀናት የሚቆጠር ስለሆነ ካምፓኒው ለጥንቃቄ የተቃውሞ ደብዳቤውን አሁኑኑ ይላክ፣ ያ የነሱ ስራ ነው።

ደሞዝህን በተመለከተ ውልህንና የኅብረት ስምምነቱን ሳላይ ቁርጥ መልስ አልሰጥም። የ2006ቱ የባሕር ሠራተኞች ኮንቬንሽን መመሪያ በአገር ሕግ ወይም በኅብረት ስምምነት ካልተፈቀደ በቀር ሠራተኛ ላይ የገንዘብ ቅጣት መጣል መከልከል አለበት ነው የሚለው። ቅነሳ የሚያስፈቅድ ወረቀት ካመጡልህ እሱም ሳይፈረም ለጠበቃህ ይድረስ።

ካምፓኒው ጠበቃ ልኮልኛል እንዳትለኝ ደግሞ። ሰውየው ጨዋና ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ ግን መጀመሪያ «አንተ የማን ጠበቃ ነህ?» ብለህ ጠይቀው፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበል። የመርከቡ ባለቤት ወይም የፒ ኤንድ አይ ክለቡ (የመርከብ ባለቤቶች የኃላፊነት መድን) ከሆነ የአንተና የነሱ ጥቅም የሚለያይበት ሰዓት ይመጣል፣ ምናልባትም መጥቷል። መርማሪዎቹ ሲጠሩህ ጠበቃና አስተርጓሚ ጠይቅ፣ ሳታውቅ አትገምት፣ አትዋሽ።

እስከዚያው የቼንጅኦቨር ፕሮሲጀሩን፣ የሎግ ቡኩን ገጾች አሁን እንዳሉ፣ የሳውንዲንግ መዝገቡን፣ ዴሊቨሪ ኖቱን፣ የሁለቱንም ሳምፕሎች የሲል ቁጥር፣ የላብራቶሪውን ሪፖርት፣ የሥራ ውልህንና ያቺን ያልተፈረመች የምስክርነት ቃል ፎቶ አንሳና ለጠበቃህ ላክ። ኦሪጅናሎቹን ከመርከቡ አታውጣ። ያን ሌሊት ዋች ላይ ማን እንደነበረና ማን ምን እንዳለህ በራስህ ማስታወሻ ላይ ሳይረሳህ ጻፈው፣ ሰዓቱን ጨምረህ፣ ሎግ ቡኩ ማን እጅ እንደነበረም።