ርካሹ የቴኒስ ጫማ በእርግጥ ይረክሳልን?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ እዚህ ሜሪላንድ በሳምንት ሦስት ጊዜ በሲሚንቶ ሜዳ ቴኒስ እጫወታለሁ። በ70 ዶላር የምገዛው ጫማ በሁለት ወር ውስጥ ጫፉ ይበሳል። የ150 ዶላሩን ብገዛ ያዋጣኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በገለጹልን መሠረት ርካሹ ጫማ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ስለሚገዛ 210 ዶላር ያስወጣዎታል፤ ስለዚህ ውዱ ጫማ ከአራት ወር ተኩል በላይ ከቆየልዎ ያተርፋሉ። ነገር ግን ዋጋ ብቻውን የጥንካሬ ማረጋገጫ አይደለም፤ ከውዶቹ መካከል ለፍጥነት ሲባል እጅግ ቀላል ተደርገው የተሠሩ አሉና፣ የእነዚህ ሶል በሻካራ ሜዳ ላይ ቶሎ ያልቃል።

የእርስዎ ጫማ ጫፉ ላይ መበሳቱ፣ ኳስ ሲለጉ የኋላ እግርዎን እንደሚጎትቱ ያመለክታል፤ በመሆኑም ጎማው ከሶሉ አልፎ የጣቶቹን ፊት የሚሸፍን ጫማ ይምረጡ። አንዳንድ አምራቾች ለተወሰኑ ሞዴሎቻቸው የስድስት ወር የሶል ዋስትና ስለሚሰጡ ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ፣ ደረሰኙንም ያስቀምጡ፤ ዋስትናው ግን የላይኛውን ጨርቅ መቀደድ አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም።

ገንዘብ ለመቆጠብ ብለው በሩጫ ጫማ እንዳይጫወቱ አጥብቀን እንመክራለን፤ የሩጫ ጫማ ወደ ፊት ለመሮጥ የተሠራ በመሆኑ፣ ወደ ጎን በድንገት ሲታጠፉ እግርዎን አጥብቆ አይይዝም፣ ቁርጭምጭሚትም ለወለምታ ይጋለጣል። ደግሞም የውስጡ ስፖንጅ ከሶሉ ቀድሞ ሊሞት ስለሚችል፣ ተረከዝዎን ወይም ጉልበትዎን ማመም ከጀመረዎ ሶሉ ደህና ቢመስልም ጫማውን ይለውጡ።