ስንጥቁን ከመድፈን በፊት ምስማሩን መንቀል

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ጠያቂዋ የእናታቸውን የድሮ ቡፌ ባለፈው ጥቅምት ከደሴ፣ ከሆጤ፣ በአይሱዙ አስጭነው አወረዱት። ጥር ላይ የላይኛው ጣውላ በቁመቱ ተሰነጠቀ፤ አሁን ስንጥቁ ሳንቲም ያስገባል። ደሴ እያለ እየታገሉ የሚከፍቱት መሳቢያ ዛሬ ይንገጫገጫል። ከጀርባው ሥር ደግሞ ነጣ ያለ ዱቄት ጠርገው አይጨርሱም። ያስጠሩት አናጺ «በሰጋቱራና በቪናቪል (በነጩ የእንጨት ኮላ) ደፍኜ፣ ከሥር ብረት ወጥሬበት ቀለም እቀባዋለሁ» አላቸው። ዘመድ በበኩሉ «ሽጪውና ቺፑድ ግዢ» ይላል። ማንን ልስማ ይላሉ።

አብሽሩ፣ እህቴ። ለጊዜው ሁለቱንም አይስሙ።

ቡፌው አልታመመም፣ አገር ነው የቀየረው። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ፣ ብርድና ጉም ውስጥ ነው የኖረው። ኮምቦልቻ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይወርዳል፤ ሙቀቱን እርስዎ ያውቁታል። እንጨት ከተቆረጠ መቶ ዓመት ቢሞላውም ከአየሩ እርጥበት መጠጣቱንና መልሶ መትፋቱን አያቆምም። ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ይህ የሚሆነው ግን በወርዱ ነው፤ በቁመቱ የሚለወጠው ከቁጥር አይገባም። ወርዱ 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ የቡፌ ጣውላ ከእርጥብ አገር ወደ ደረቅ ሲሄድ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ቢጠብ የተለመደ ነው። መሳቢያው የላላውም ጣውላው የተሰነጠቀውም በዚሁ በአንዱ ምክንያት ነው።

ታዲያ መሳቢያው ሳይሰነጠቅ ጣውላው ለምን ተሰነጠቀ? መሳቢያው ነጻ ስለሆነ። በሩንም ይዩት፦ የመሃሉ ጣውላ በአራቱ ዘንጎች ቦይ ውስጥ ያለ ኮላ የገባ ከሆነ ሲጠብ ዝም ብሎ ይጠባል፣ ማንም አያየውም። የላይኛው ጣውላ ግን ከፊትም ከኋላም የያዘው ነገር ስላለ መጥበቢያ አጣ። ሁለት ሰው በሁለት ጫፍ የሚጎትተው ነጠላ መሃሉ ላይ ነው የሚቀደደው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈለገው ያዡ ነው። መሳቢያዎቹን በሙሉ አውጥተው፣ የስልክ መብራት ይዘው ከውስጥ ወደ ላይ ይመልከቱ። ከሦስቱ አንዱን ያገኛሉ ብዬ እገምታለሁ፦ ከላይ ተመትቶ ራሱ በስቱኮ የተሸፈነ ምስማር፣ በጠባብ ቀዳዳ እስከ መጨረሻ የጠበቀ ብሎን፣ ወይም በማዕዘኑ ዙሪያ በኮላ የተጣበቁ ትናንሽ የእንጨት ቁራጮች። ምስማር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ሠሪ ሥራ አይደለም። ላዩ ሲነቃነቅ በኋላ የመጣ ሰው «ላጥብቀው» ብሎ የመታው ነው፤ በእኛ ሙያ ያሮጌ ዕቃ ግማሽ በሽታ የጥገና በሽታ ነው።

ምስማሩን ከላይ በመዶሻ ጥርስ ፈንቅለው አያውጡ፣ ጣውላውን ይዞ ይነሳል። በጣውላውና በሳጥኑ መካከል የሰጌቶ (የብረት መጋዝ) ምላጭ አስገብቶ መቁረጥ ይሻላል። የኮላ ቁራጮቹን ለብ ባለ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ያርጥቧቸው። የድሮው ኮላ ከቆዳና ከአጥንት የተቀቀለ ከሆነ ይለሰልሳል፣ በጣት ይጣበቃል፣ የቆዳ ሽታም ይሰጣል፤ ያን ጊዜ ቁራጩ በቀስታ ይላቀቃል። ኮላውን እስከ እንጨቱ ድረስ ይጥረጉት፣ ምክንያቱም ቪናቪል በአሮጌ ኮላ ላይ በደንብ አይይዝም።

ከዚያ ጣውላው በብሎን መልሶ ይታሰራል፣ አስተሳሰሩ ግን ይለያል። የፊተኞቹ ብሎኖች በክብ ቀዳዳ ይጠብቁ። የኋለኞቹ ቀዳዳዎች ደግሞ በጣውላው ወርድ አቅጣጫ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ ሞላላ ይሁኑ፤ ብሎኑ ሮንዴላ ለብሶ መሃላቸው ላይ ይቀመጥ፣ እስከ ማነቅ ድረስም አይጥበቅ። እንዲህ ሲሆን የፊቱ ጠርዝ ካለበት ሳይነቃነቅ ጣውላው ሲያብጥም ሲጠብም ወደ ግድግዳው በኩል ይንሸራተታል። ይህ ሥራ የግማሽ ቀን ነው። አናጺዎ ይህን ካልሠራ ሌላው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

አሁን ወደ ስንጥቁ። ከፈቱት በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት ይተዉት፤ አንዳንዴ በራሱ ይጠባል። ከዚያ ያለ ኮላ በሞርሳ (በማጥበቂያ) ይሞከር። በቀላል ግፊት ከገጠመ ውስጡን አጽድቶ ቪናቪል አግብቶ ማሰርና ሌሊቱን ማሳደር ነው፣ ምልክቱም ብዙ አይታይም። ሞርሳው እየጮኸ የሚገጥም ከሆነ ግን ያቁሙ፤ በግድ የተዘጋ ስንጥቅ አጠገቡ ሌላ ይወልዳል። ያኔ የሚሻለው ከዚያው ዓይነት እንጨት ቀጭን ስንጣሪ አውጥቶ፣ ጅማቱን (የእንጨቱን መስመር) ከጣውላው ጅማት ጋር አስተካክሎ በኮላ ማስገባትና ሲደርቅ በመላጊያ ማስተካከል ነው። ስንጣሪውን በበጋው ጫፍ፣ ስንጥቁ በጣም በሰፋበት ጊዜ ጠቅጥቀው አያስገቡ፤ ክረምት ጣውላው ሲያብጥ መሄጃ ያጣል። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ጥሩ ጊዜ ነው።

አናጺው ያሉት የሰጋቱራና የቪናቪል ድፍን እኮ ለምስማር ቀዳዳ አይከፋም። ለሰፊ ስንጥቅ ግን አይሆንም፦ ቪናቪል ክፍተት ሲሞላ ጉልበት የለውም፣ ሲደርቅም ቨርኒሽ ስለማይጠጣ የነጣ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። ብረቱ ደግሞ ይባስ ነው። ብረት ከእንጨት ጋር አብሮ አይጠብም፤ የነቀልነውን ምስማር በወፍራሙ መመለስ ነው።

መሳቢያዎቹን አይንኳቸው። ክረምት ሲገባ ትንሽ ያብጣሉ። በሚንሸራተቱበት ሥር ሰም ወይም ሻማ ይሹበት። እንጨቱ ተበልቶ ጎድጉዶ ከሆነ ብቻ ቀጭን የወይራ ቁራጭ በኮላ ይለጠፍበት።

ቀለሙንም እምቢ ይበሉ፣ ቢያንስ ከሥሩ ያለውን እስኪያውቁ። ከጀርባ በኩል በማይታይ ቦታ ጥጥ በአልኮል ነክረው ይሹት። ከተጣበቀና ከለሰለሰ የድሮው ጎማላካ (በአልኮል የሚሟሟው ማንጸባረቂያ ቅብ) ነው፤ በአልኮል ከሚሟሟ አዲስ ጎማላካ ጋር ይዋሃዳልና ሳይፋቅ ይታደሳል። አልኮል ካልነካው በቲነር ይሞክሩ፤ በቲነር የሚሟሟው ፋብሪካ ሠራሹ ላከር ነው። ሁለቱም ካልነኩት ቨርኒሽ ነው። ብዙ ጊዜ ግን «ጠቆረ» የሚባለው ቡፌ የዓመታት የዕጣንና የከሰል ጭስ የተጋገረበት ብቻ ነው። ለብ ባለ ውሃ ጥቂት ሳሙና፣ በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ፣ ወዲያው በደረቅ ማበስ። የጀበናና የሲኒ ነጭ ክብ ካለ እርጥበት ጎማላካው ውስጥ ገብቶ ነው፤ አልኮል ጠረን ብቻ በቀረው ጨርቅ ፈጠን ብሎ አንድ ሁለቴ ማሳለፍ ብዙውን ጊዜ ያነሳዋል።

«ሽጪው» ለሚለው ዘመድዎ ደግሞ ይህን ይንገሩልኝ። ቡፌው እንደሚሉት ዋንዛ ከሆነ ዛሬ እንዲህ ያለ ሰፊ ጣውላ ማግኘት ቀላል አይደለም። ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና የሐበሻ ጥድን ከተፈጥሮ ደን መቁረጥ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ተከልክሎ ነበር፤ አዋጁ በኋላ በሌላ ተተክቷል። ቺፑድ ወለል ሲታጠብ ከሥሩ ውሃ ከጠጣ ያብጣል፣ ያበጠውም አይመለስም፣ ብሎኑም ሁለተኛ አይይዝም። አንድ ነገር ብቻ ያረጋግጡ፦ የጣውላውን ጠርዝ ከጎን ይዩት። ከላይ የሚታየው ጅማት ጠርዙ ላይም ከቀጠለ ድፍን እንጨት ነው። ጠርዙ ላይ ስስ ንብርብር ካዩ ኮምፔንሳቶ ነው፤ እሱ እንዲህ በቁመቱ አይሰነጠቅም፣ ስለዚህ የእርስዎ ድፍን ይመስለኛል።

አቀማመጡንም ያስተካክሉ። ከግድግዳው አራት ጣት ያህል ይራቅ፣ የከሰዓት ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ፊት አይሁን፣ የከሰል ምድጃም አጠገቡ አይጫር።

የቀረው ዱቄቱ ነው። እንደ ፉርኖ ዱቄት የደቀቀና አጠገቡ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሆኑ ክብ ቀዳዳዎች ያሉት ከሆነ እንጨት በል ጥንዚዛ ነው። የጭቃ መሿለኪያ ካዩ ግን ምስጥ ነው፤ ያ የቤቱ ጣጣ እንጂ የቡፌው ብቻ አይደለም። ቀዳዳው መውጫ ነው፣ የበላው ትል ጥንዚዛ ሆኖ የወጣበት። ስለዚህ ቀዳዳ ማየት ብቻ አያስደነግጥም፣ ከደሴ የሚያወርደው የሐረጎ ቁልቁለት መንገጫገጭም የዓመታት አሮጌ ዱቄት ሊያራግፍ ይችላል። ጠርገው፣ ያሉትን ቀዳዳዎች በሻማ ደፍነው፣ ከሥር ጥቁር ወረቀት ያንጥፉ። አንድ ሁለት ወር ወረቀቱ ንጹሕ ከሆነ ጉዳዩ አልቋል።

አዲስ ዱቄት ከወረደ ከጀርባው ይጀምሩ፤ ጀርባው ብዙ ጊዜ ከርካሽ እንጨት ነው የሚሠራው። ተነቅሎ ይቃጠል፣ በአዲስ ይተካ። ቨርኒሽ ያልነካውን የውስጥ እንጨት ደግሞ ቦሪክ አሲድ ለብ ባለ ውሃ አሟሙተው፣ ጓንት አድርገው በብሩሽ ይቀቡት፤ በጣም ሳይደርቅ ሳህን አይመልሱበት። ነጭ ጋዝ፣ የተቃጠለ ዘይትና የእርሻ መድኃኒት ግን ወደ ቡፌው አይቅረቡ። ዘይት የጠጣ እንጨት ኮላ አይቀበልም፣ የእርሻው መርዝም እንጀራና ሲኒ ከሚቀመጥበት ዕቃ ውስጥ በቀላሉ አይወጣም።